የመንዝ አፈርና ከዜሮ በታች የወጣው ቁጥር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ መደርደሪያው ላይ አሲድ ስፈልግ የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ደረጀ ሳቁብኝ። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። የኬሚስትሪ ዲፕሎማዬን ይዤ ስቀጠር፣ አፈር የሚመረመረው በአሲድና በብልቃጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«እዚህ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ብርሃን ነው» አሉና ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ግራጫ ሣጥን አሳዩኝ።

ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በወንፊት የተነፋ አፈር በትንሽ ኩባያ ይሞላል። መሣሪያው ዓይን የማያየውን፣ ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ያበራበታል። አፈሩ ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ይመልሳል። የተመለሰው ብርሃን ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ ገባ መስመር ሆኖ ይታያል። መሣሪያው ያንን መስመር ቀደም ሲል በአሲድ ከተመረመሩ አፈሮች ጋር ያነጻጽርና በአፈሩ ውስጥ ያለው የዕፀዋት ብስባሽና ሸክላ ምን ያህል እንደሆነ ይገምታል። ለሻይ የጣድኩት ውሃ ሳይፈላ መልሱ ሲመጣ አፌን ይዤ ቀረሁ።

ናሙና የሚያመጣልን ተክሌ የሚባል የመርሐቤቴ ልጅ ነበር። የአፈር መሰርሰሪያውን በበቅሎ ጭኖ የመንዝን ዳገት ይዞራል። ከረጢቱ ላይ የሚጽፈው ምልክት አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ከቀየት ወዲያ ካለ ማሳ ያመጣውን አፈር ሳነብ መስመሩ ልሙጥ ሆነብኝ። የሸክላ አፈር የሚያሳየው ስርጉድ የለም ማለት ይቻላል። መሣሪያው የሚስተካከልበትን ነጭ ሰሌዳ ወልውዬ ደገምኩት። ያው ነው። የብስባሹ ግምት ደግሞ ከዜሮ በታች ወጣ። እንዴት ያለ አፈር ነው ከምንም ያነሰ የሚይዘው? በመዳፌ ባፍሰው እንደተፈጨ ገል ቀይ ነው።

አቶ ደረጀ ውጤቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ተክሌን አስጠሩት።

«ይሄ የማሳ አፈር አይደለም። ዳገቱ ሰልችቶህ ከሸክላ ሠሪ ደጅ ዘግነህ ነው የመጣኸው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ከታረሰ ማሳ ነው የቆፈርኩት! ቀይ መሆኑን እኔም አይቻለሁ፤ ግን ከማሳው ነው።»

«አትዋሸኝ! ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ታግደሃል።»

ተክሌ መሰርሰሪያውን ግድግዳው ሥር አስደግፎ ወጣ። በጣም ደነገጥኩ። «ማሳውን ራሳችን እንየው» አልኳቸው። ውሸቱን ለማረጋገጥ ሲሉ እሺ አሉ።

መኪናው መንገድ ሲያልቅበት በእግራችን ወጣን። ከሩቅ በማሳው ላይ እዚህም እዚያም ጭስ ይታያል። ጭድ የሚቃጠል መስሎን ነበር። ስንደርስ ጭድ የለም። ክምሩ ሁሉ አፈር ነው፤ በስንጥቁ ውስጥ ፍም ይታያል። የሚነደው መሬቱ ራሱ ነበር።

ባለማሳዋ እማማ ዘነበች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። በመንሽ ክምሩን ይደፍናሉ።

«ምን እየሠሩ ነው እናቴ?» አሉ አቶ ደረጀ።

«መሬቴን አጋያለሁ እንጂ! ዘመን ሙሉ ሣር የያዘው ብርዳም መሬት ሳያጋዩት ገብስ ይሰጣል? ጓሉን እከምርና ከሥሩ በኩበት እለኩሰዋለሁ። ሲበርድ በትኜ አርሰዋለሁ።»

አቶ ደረጀ ከበረደ ክምር አንድ እፍኝ ዘገኑ። ያው ቀይ አፈር ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያዙ። «ልጁን ያለ ጥፋቱ!» አሉ።

«ለመሆኑ አፈር የወሰደው ልጅ የነገረኝ ሣጥናችሁ መሬቴን ምን አለው?» ሲሉ እማማ ዘነበች ጠየቁ።

«ዘንድሮ ገብስ ይሰጥዎታል። እሳቱ ግን ብስባሹን ይበላዋል፣ ሸክላውንም እንደ ገል ይተኩሰዋል። መሬቱ እያደር ይራቆታል» አሉ አቶ ደረጀ።

መንሹ ከእጃቸው ወደቀ። «አቃጥዬ ጨረስኩት ነው የምትለኝ? ባሌም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ታዲያ ልተወውና ልጆቼ ምን ይብሉ?»

አቶ ደረጀ የወደቀውን መንሽ አንስተው ሰጧቸው።

ስንመለስ አቶ ደረጀ ተክሌን ፍለጋ አገሩ ዓለም ከተማ ድረስ ወረዱ። እኔም አብሬ ነበርኩ።

«አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ና ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉት።

«ይቅር ብያለሁ ጋሼ። ግን ሣጥኑ የማያውቀውን አፈር ባመጣሁ ቁጥር ውሸታም ልባል ነው? አልመለስም።»

ይመለሳል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩና ክው አልኩ። ተክሌ የአውቶብስ ረዳት ሆኖ ቀረ።

እኛ ከብዙ ማሳ የጋየ አፈር ሰብስበን በአሲድ መረመርንና ለመሣሪያው ማነጻጸሪያ ጨመርንበት። ከዚያ ወዲያ የብስባሹ ግምት ትንሽ ይሆናል እንጂ ከዜሮ በታች አልወረደም። እማማ ዘነበች በእኛ ልመና አንዱን ጥግ ሳያጋዩ ፍግ አድርገው ዘሩት። ገብሱ ቀጭጮ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት እሱንም አጋዩት።

በዚህ ሥራ ለምትሰማሩ የምለው ይህን ነው። መሣሪያ የሚያውቀው ያሳዩትን ብቻ ነው። የማያውቀው አፈር ሲገጥመው አላውቅም አይልም፤ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ መጀመሪያ ማሳውን ሄዳችሁ እዩ። አፈሩን ስላመጣው ሰው የምትናገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።