ነገሌን ያልሰጠሁበት እንቆቅልሽ

መጀመሪያ መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ። ነገሌ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለሕፃናት የራሴን ተረት እያነበብኩ ሳለ ቀኝ እጄ ከዳኝ፤ አፌም ተኮላተፈ። ልጆቹ ሳቁ። ዘወትር እንስሳቱን እያስመሰልኩ ስለማነብላቸው ጅቡን የሠራሁ መሰላቸው። የፊቴን መጣመም አይታ ባጃጅ የጠራችው መምህራቸው ናት።

ሐኪም ቤት ደርሼ ከተመረመርኩ በኋላ ሐኪሙ ለባለቤቴ ነገረው። «ስትሮክ ነው። የደም ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሏል። የሚባለውን ይሰማሉ፣ ያውቃሉ፤ ቃል ማውጣት ነው ያቃታቸው። አፌዥያ እንለዋለን።»

ሰማሁ። ገባኝ። ስሜን ጠየቀኝ። አጣሁት። የልጆች መጽሐፍ ደራሲ ነኝ፤ ከቃል ሌላ ምንም የለኝም። ፈራሁ።

ቤት ስገባ ደግሞ ደግነት መከራዬን አበዛው። ጎረቤት በኦሮምኛ «አካም፣ ናጋ?» ብሎ ደኅንነቴን ሲጠይቀኝ ልጄ ቀድማ «ናጋ» ትላለች። «ው…» ስል ውኃ ይመጣል። በቀጠሯችን ቀን ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ተቆጣ። «ቃሉን አትንጠቋቸው። ጠብቋቸው።»

መጠበቅ ለባለቤቴ ለሃምሳ አለቃ ታደሰ አይሆንለትም። ከጦር ሰፈር በጡረታ ቢወጣም የለመደው ትእዛዝ እንጂ ትዕግሥት አይደለም። ስለዚህ ዘዴ ፈለገ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ጠያቂው የሚበቃው አገር እስኪሰጠው ድረስ መልሱን አይናገርም። ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ሕግ ያከብራል። ከመጀመሪያው መጽሐፌ አንዱን አወጣ።

«እንቆቅልሽ። ቤት ተሸክሞ ይሄዳል፣ ራሱ ግን ደጅ ያድራል።»

ግመል ነው። የቦረና ሰው ቤቱን ነቅሎ ሲጓዝ አይቼ እኔው የፈጠርኩት። አፌ ላይ አለ። አልወጣም።

«አገር ስጪኝ።»

ላብ አጠመቀኝ። ብዙ ቆይቼ «ወ… ወደራ» አልኩ። ልጄ አለቀሰች። እሱ ግን «ወደራ ብቻዋን አትበቃኝም» ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ክኒኔን ሳላዛንፍ እየዋጥኩ፣ ቀኝ እጄን በግራዬ እያሸሁ፣ በከዘራ ግቢውን እየዞርኩ፣ ያቺኑ አንዲት እንቆቅልሽ ስጠየቅ ከረምኩ፤ ክብረ መንግሥትን ሰጠሁት፣ ዱብሉቅንም ከነውኃ ጉድጓዶቿ ሰጠሁት፣ እየሰጠሁም ሌላ ሌላው ቃል ቀስ በቀስ ይመለስልኝ ጀመር። በመጨረሻ የቀረችኝ ነገሌ ነበረች።

«እንግዲህ ነገሌን ስጪኝ» አለ እየሳቀ።

ቤቴ ናት። አንባቢዎቼ ያሉባት ናት። ተናደድኩ።

«አልሰጥም» አልኩት። «ግ… ግመል።»

ሃምሳ አለቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬ በግራ እጄ እጽፋለሁ፤ ለልጆችም አነባለሁ። ጅቡ አሁን ትንሽ ይኮላተፋል፤ እነሱም እንደዚያው ወደውታል። ሐኪሜን፣ መምህሯንና ልጄን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናንተም የደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል «ያልፋል» ሳትሉ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። አስታማሚዎች፣ ታማሚያችሁ ቃሉን እስኪያገኘው ታገሡት። ባለቤቴን ለማመስገን ግን እስካሁን የሚበቃ ቃል አላገኘሁም፤ ስለዚህ ዱብሉቅን መልስልኝ አላልኩትም።