ከበር ውጭ ሆኖ ፓርክ የሚመዝነው ሾፌር

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። መጻፍ የተማረ ሰው ሥራ እንደሆነ አላጣሁትም። ግን የሾፌሩን የዘርአ ዳዊትን ነገር ግማሹን ከራሱ አፍ ሰማሁ፣ ግማሹን ልጄን ይዤ እዚያው መኪና ውስጥ ሆኜ አየሁ፤ ሌላ የሚጽፈው ሰው ብጠብቅ ደግሞ ጠፋ። ስለዚህ እንደምንም ደፈርኩ። ስህተት ብታገኙ እለፉልኝ።

ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚነዳ፣ አርባ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ነው። አባቱ አንኮበር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። ልጄ ዳዊት ይደግምልኛል ብለው ነበር ስሙን ያወጡለት። እሱ ግን ዳዊት ለመድገም የሚሆን መቀመጫ አልተፈጠረለትም። አንድ መዝሙር ሳያልቅ ተነስቶ ደጅ ነው። «ይህን ልጅ እግዜር ሲሠራው ቂጡን ረስቶበታል» ይሉ ነበር ቄሱ፣ እየሳቁም እየተናደዱም። አድጎም አልተሻለውም። እራቱን ቆሞ ይበላል። ለቅሶ ቤት ሄዶ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወንበር ሊያመጣ፣ ውሃ ሊቀዳ፣ የማያውቀውን ሰው ሊሸኝ ይነሳል። እግሩ የሚያርፈው ፍሬንና ነዳጅ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። መንዳት የተማረው ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ የነጋዴ ዕቃ በአይሱዙ እየጫነ ስለነበር፣ ለእሱ ሌላው መንገድ ሁሉ አልጋ ላይ እንደ መተኛት ነው።

በየዓመቱ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በእኛ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችን አዲስ አበባ ወስደው መዝናኛ ፓርክ ማስገባት ለምደዋል። ዘርአ ዳዊት ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያመላልሳቸው ኖረ። እንግዲህ ማን ያውቃል? ሾፌሩ ያውቃል! ርዕሰ መምህሩም፣ የወላጅ ኮሚቴውም፣ ጉዞ ባሰቡ ቁጥር ስልክ የሚደውሉት ለእሱ ነው። «ዘርአ፣ ዘንድሮ የትኛው ይሻለናል?» ይሉታል። በሕይወቱ ሰው ምክር የጠየቀው በዚህ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በቤቱ ሚስቱ ትወስናለች፤ በመኪናው ባለቤቱ ይወስናል። በፓርክ ነገር ግን ቃሉ መሬት አትወድቅም።

ሦስት ፓርኮች አሉ፤ ስማቸውን ትቶ በበራቸው ምልክት ይጠራቸዋል። አንዱ ባለ ዝሆኑ፣ አንዱ ባለ ኩሬው፣ አንዱ ባለ ዘንዶው። «ባለ ዝሆኑን የሚያህል የለም፣ አንደኛ ነው» ይላል። «ባለ ኩሬው ሁለተኛ፣ ልብስ ያስረጥባል እንጂ ደህና ነው። ባለ ዘንዶው ግን የጠላቴን ልጅ አልወስድበትም።»

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። ዘርአ ዳዊት ከሦስቱ አንዱንም ገብቶ አያውቅም።

በመጀመሪያው ዓመት ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም ተብሎ ከበር ቀረ። በሁለተኛው ዓመት እኔም ልግባ ማለት አሳፈረው፤ በዚህ ዕድሜው ዥዋዥዌ አማረው ይሉኛል ብሎ። በሦስተኛው ዓመት ግን ሰው ሁሉ አዋቂ አድርጎት ስለነበር፣ አላየሁም ለማለት ጊዜው አለፈ። ታዲያ በምን ይመዝን ነበር? ገበሬ ከብቱ ማታ ሲገባ ጎኑን አይቶ የዋለበትን መስክ ያውቅ የለም? እሱም ልጆቹ ከፓርኩ ሲመለሱ መኪናው በር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያያቸው ነበር። ከባለ ዝሆኑ የሚመለሱት ጭምት ሆነው ይሳፈራሉ፣ ሰንዳፋ ሳይደርሱም ጭልጥ ብለው ይተኛሉ። ጠግበው ነው ብሎ መዘገበ፤ አንደኛ። ከባለ ዘንዶው የሚመለሱት ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ጫማ ጥለዋል፣ መስኮት ይደበድባሉ፣ ሦስት አራቱ ወንበሩ ላይ ያስታውካሉ። የተጎዱ መስለውት መጨረሻ አደረገው።

ዘንድሮ መምህርት ፋና መጣች። ፋና ስድስተኛ ክፍል የምታስተምር፣ ቀጠን ያለች፣ ነገር የማትረሳ ሴት ናት። ዘርአ ዳዊት የመኪናውን መስታወት ሲወለውል አገኘችው።

«ጋሽ ዘርአ፣ እስቲ ምከረኝ። የት ልውሰዳቸው? ያለኝ አንድ ቀን ነው። ወላጅ ለማሳመን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ‹ልጆቹ ተደስተው ካልመጡ ሁለተኛ ጉዞ ብለሽ ቢሮዬ እንዳትገቢ› ብሎኛል።»

«ባለ ዝሆኑ ጋ» አለ ሳያመነታ።

«ምን ምን አለው?»

«ምን የሌለው አለ! ዝሆኑ አለ፣ ባቡሩ አለ፣ ጀልባው አለ፣ ሰማይ የሚነካ ሽክርክሪት አለ።» ይህን ሁሉ ያየው በሩ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ነው።

«ገብተህ አይተኸዋል አይደል?»

ጨርቁ መስታወቱ ላይ ቆመ። «ከእኔ በላይ ማን አየ!» አለና ጎማ የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለ።

ግንቦት ውስጥ ቅዳሜ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ሠላሳ አራት ልጆች። ብዙዎቹ አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ጫጫን ስናልፍ ይዘፍናሉ፣ ሸኖን ስናልፍ ይዘፍናሉ። ቃለ አብ የሚባል አፈኛ ልጅ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ መኪናው ታመመ እንዴ? አህያ ቀደመን!» ይላል። ዘርአ ዳዊት ይስቃል፣ ግን በየመሃሉ መስታወቱን እያየ ፊታቸውን ይቆጥራል። የፋና ጥያቄ እንደ እሾህ ተሰክቶበታል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ባለ ዝሆኑ በር ደረስን። ልጆቹ ተሰልፈው ገቡ፣ እሱ እንደ ልማዱ ቀረ። መኪናውን ዞረ። ጎማ መታ። ዘይት አየ። እንደገና ዞረ። ወንበሩን ሲጠርግ ታዲያ አንዲት ሰማያዊ ነገር አገኘ፤ የሰርካለም የአስም መድኃኒት፣ ያችው ወደ አፍ የምትነፋው። እናቷ ማለዳ «ከእጇ እንዳትለይ» ብላ ስትለምን ሰምቷል። ይዞ ወደ በሩ ሮጠ።

ዘበኛው ከሩቅ ሲያየው ተነሳ። «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ? ስድስት ዓመት ግባ ስልህ ኖሬ!»

«መድኃኒት ላቀብል ነው፣ እወጣለሁ።»

«ግባ ግባ፣ የሚጠፋህ ነገር የለም። ባዶ ነው።»

ባዶ የሚለው ቃል ገና ሲገባ ነው የገባው። ዝሆኖቹ በላስቲክ ተጠቅልለው በገመድ ታስረዋል። ጀልባዎቹ ውሃ የሌለው ገንዳ ውስጥ ቅጠል ለብሰው ተጋድመዋል። ሰማይ የሚነካው ሽክርክሪት በሰንሰለት ተቆልፏል። የምትሠራው አንዲት ትንሽ ባቡር ብቻ ናት፤ እሷም ስምንት ልጅ ይዛ ግቢውን አንዴ ትዞርና ሃያ ደቂቃ ትቀዘቅዛለች። የሦስት ትምህርት ቤት ልጅ ለእሷ ተሰልፏል።

«እነዚህ ምን ሆኑ?» አለው ባቡሯን የሚያስነሳውን ሰውዬ።

«ተበላሹ። መለዋወጫ ከውጭ ይመጣል።»

«መቼ?»

«እኔ ስቀጠርም ይመጣል ነበር።»

የእኛ ልጆች ግንቡን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ዝም ብለዋል። ያ ዝምታ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንደኛ እያለ የሸለመው ዝምታ ነበር። ጠግበው አልነበረም ለካ። ቆመው ውለው፣ ምንም ሳይጫወቱ፣ ደክሟቸው ነበር።

ለሰርካለም መድኃኒቷን ሰጣት። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ቀና ብላ ጠየቀችው፤ «ጋሼ፣ አንደኛ ያልከን ይሄ ነው?»

ቃለ አብ አላስጨረሳትም። «ይሄ አንደኛ ከሆነ፣ ሦስተኛው ጋ የገባ ሰው ቆስሎ ነው የሚወጣው!»

ልጆቹ ሳቁ፤ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። ዘርአ ዳዊት ግን ፊቱ ጠቆረ። አንድ እግሩ ወደ በሩ ሄደ፣ አንዱ ተመለሰ። ዞር ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ዘንድሮ ተበላሽቶ ነው እንጂ አምና እንዲህ አልነበረም ቢል ማንም አይከራከረው። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፣ በኋላ እንደነገረኝ። ከዚያ ፋናን ከሰልፉ ጠርቶ ወደ ዛፍ ሥር ወሰዳት።

«መምህርት፣ ገብቼ አላውቅም።»

«የት?»

«እዚህ። ሌሎቹም ጋ። አንዱም ጋ።»

«ታዲያ በምን ስትመዝን ነበር?»

«በልጆቹ። ሲመለሱ እያየሁ።»

«ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

ይህን ሲነግረኝ እንኳ ላብ አጥምቆት ነበር። ስድስት ዓመት፣ ስንትና ስንት መቶ ልጅ ከኋላው ጭኖ፣ አንዱን እንኳ «እንዴት ነበር?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ልጅ ምን ያውቃል ብሎ። እኛም ብንሆን አንጠይቅም፤ ልጅን በላህ ወይ እንጂ ወደድከው ወይ የሚል ማን አለ?

«አልጠየቅኩም» አላት። «ገና አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ባለ ዘንዶው ጋ በአርባ ደቂቃ አደርስሻለሁ።»

«ልጅ ያስታውካል የምትለው ጋ?»

«ያስታውካል። ግን ያስታወከ ልጅ የሆነ ነገር ላይ ወጥቶ ነበር ማለት አይደል?»

«የመግቢያውን ከየት አመጣለሁ?»

«የዛሬ የድካሜ ዋጋ ለእሱ ይሁን። ተይኝ፣ አትከራከሪኝ፣ ጫኛቸው።»

ደግሞ የነዳው አነዳድ! የአዲስ አበባን መጨናነቅ በውስጥ ለውስጥ እየሰነጠቀ፣ አንድ ጊዜ ከንፈሩን እየነከሰ፣ አንድ ጊዜ ሰዓቱን እያየ። ባለ ዘንዶው ስንደርስ ከሩቅ ጩኸት ይሰማል። ልጆቹ መኪናው ሳይቆም ተነሱ። ዘርአ ዳዊትም በዚህ ጊዜ በሩን ቆልፎ ተከተላቸው። ቃለ አብ እጁን ያዘው። «ጋሼ፣ ዘንዶው ላይ ካልወጣህ አንደኛም ሦስተኛም እንዳትለን!»

ዘንዶው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ረጅም ጋሪ ነው፤ ከሐዲድ ላይ ሽቅብ ይወጣና ቁልቁል ይለቀቃል። አስቀምጠው ብረት ጭኑ ላይ ቆለፉበት። ያ መቀመጥ የማይችል ሰው! ጋሪው ሽቅብ ሲወጣ ቀኝ እግሩ ታች ታች ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ፍሬን የለውም!» ሲል ቃለ አብ ተለቀቁ።

ያሰማውን ጩኸት እኛ ከታች ሰማነው። የአባቱን ጸሎት፣ ዳዊቱን ሁሉ፣ ሳይደግም የቀረውን በአንድ እስትንፋስ ጠራው። ሲወርድ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ሄዶ አስታወከ። ልጆቹ ግን ንጉሥ እንደነገሠላቸው አጨበጨቡለት።

ስንመለስ «በሉ ንገሩኝ» አለ መሪውን እንደያዘ። «የትኛው ጥሩ ነበር? የትኛው ከንቱ ነው?» ሁሉም ባንድ ላይ ተነሱበት። የውሃው ሽርተቴ ጥሩ ነው ግን ብርድ አለው። መስተዋት ቤቱ ውስጥ ሰርካለም ከራሷ ጋር ተጋጨች። ትንንሾቹ ጋሪዎች ይጋጫሉ፣ አንድ ሰው ግን መሪውን አይለቅም። ዘንዶው ሁለት ጊዜ ካልተወጣበት አይገባም። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው። ዘርአ ዳዊት «እሺ፣ እሺ፣ ሌላስ?» እያለ ያዳምጣል።

ሸኖ ላይ አንድ ልጅ ሊያስታውክ ስንቆም ስልኩ ጮኸ። ብርሃነ መስቀል ነው፣ ጫጫ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር።

«ዘርአ ወንድሜ፣ እንዳልከኝ ባለ ዝሆኑን ለሚመጣው ቅዳሜ ልይዘው ነው። መቶ ሃያ ልጅ! እግዜር ይስጥህ።»

ከኋላ ልጆቹ ይንጫጫሉ። ፋና ታየዋለች። «እሺ» አለ። «እሺ... እንገናኛለን።» ስልኩን ዘጋ። ለምን እንዳልነገረው ራሱም አያውቅም። ለፋና መንገር አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን ከጫጫ ተነስቶ በየትምህርት ቤቱ ሊዞር ነው። ከነገ ወዲያ ማን «ዘርአ፣ የቱ ይሻላል?» ይለዋል? ጫጫን ስናልፍ አንገቱን ወደ ከተማው አዞረ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ ወላጆች ደብረ ብርሃን ቆመው እየጠበቁ ነበርና እንደገና ረገጠው። ቤቱ ከገባ በኋላ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ሚስቱ ነግራኛለች። ተነሳ ተኛ፣ ተነሳ ተኛ።

በማግስቱ እሑድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሳ ጫጫ ሄደ። ብርሃነ መስቀልን ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አላደረሰም።

«ባለ ዝሆኑ ጋ እንዳትወስዳቸው። ተበላሽቷል። የምትሠራው አንዲት ባቡር ናት።»

«መቼ ነው የተበላሸው?»

«አላውቅም። ገብቼ ያየሁት ትናንት ነው። እስከ ዛሬ የነገርኩህን ሁሉ ከበር ሆኜ ነው የነገርኩህ።»

ብርሃነ መስቀል ዙሪያውን አየ፤ የሚወጣው ሕዝብ ይሰማል። «አምና የላክኋቸውንስ?»

«እነሱንም።»

ሰውየው በጣም ተቆጣ፤ ሊሰደብ የሚገባውን ያህል ሰደበው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ መሆኑን እስኪረሳ። ዘርአ ዳዊት ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሰማው። ሲያበቃ የባለ ዘንዶውን መንገድ አስረዳው፣ ለልጆቹ ወፍራም ልብስና ጥቂት ፌስታል እንዲያስይዝ ነገረው። ከዚያ ግንቡ ሥር ሄዶ ስልኩን አወጣና፣ እንደዚሁ ባለ ዝሆኑን ለመከረው ለሌላው፣ ለሚ ከተማ ላለው ርዕሰ መምህር ደወለ።