አዳራሹ ሲሞቅ የወረደው ቅኝት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወዳለ አንድ የሮክ ባንድ የድምፅ ባለሙያ ሆኜ የገባሁ ዕለት ገመድ ስጠቀልል ዋልኩ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ፤ ሚክሰር የሚባለውን የድምፅ ማቀላቀያ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። የባንዱ መሪ ጋሽ ሙሉጌታ ለሁለት ወር ሙከራ ተቀበሉኝና ደንቡን ነገሩኝ።

«ሲያምር የሙዚቀኞቹ ነው፤ ሲበላሽ ያንቺ ነው፣ ኢንጂነሯ።»

ሰው ፊት መናገር ስለማልወድ ከሚክሰሩ ጀርባ መቀመጡ ተስማማኝ።

በዚያው ሰሞን ባንዱ አንድ ጊታሪስት ይፈልግ ነበር። ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ሄኖክ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲሮጡ ዓይን አይከተላቸውም። ደምሴ እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ጎረቤላ የመጣ የቄስ ልጅ ነው፤ ሲያወሩት እንኳ ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ጋሽ ሙሉጌታ ሁለቱም በቅዳሜው የከሰዓት ዝግጅት ላይ እንዲጫወቱና የተሻለው እንዲቀጠር ወሰኑ። እኔ በልቤ ሄኖክን መርጬ ነበር። ታላቅ የሮክ ጊታሪስት ማለት ፈጣን ማለት ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ውስጥ የሁለቱንም ጊታር በመቃኛ መሣሪያ ክር በክር ቃኘሁ። ከብርዱ የተነሳ ጃኬቴን እንኳ አላወለቅኩም። ሥራዬን በጊዜ በመጨረሴ ደስ ብሎኝ ጊታሮቹን መድረኩ ላይ አቆምኳቸው።

ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሄኖክ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበትን ሶሎ ሲጀምር አንድ ነገር ጆሮዬን ጎረበጠኝ። እያንዳንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ ትንሽ ዝቅ ይላል። እሱ አላስተዋለም፤ ድምፁን እንድጨምርለት በእጁ ጠቆመኝ። ጨመርኩ። ባሰ። የባንዱ ዘፋኝ ዞር ብላ አየችው። ጋሽ ሙሉጌታ ደግሞ እኔን አዩኝ።

ቀጥሎ ደምሴ በራሱ ጊታር ገባ። የመጀመሪያዋ ድምፅ የሱም ዝቅ ያለች ነበረች። ሁለተኛዋን ግን ክሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ ከፍ አደረጋት። ከዚያ በኋላ ግማሹን ኖታ ተወው፤ የቀረውን እየገፋ ከዘፋኟ ድምፅ ጋር አገናኘው።

ዕረፍት ላይ ሁለቱንም ጊታሮች ፈተሽኩ። እኩል ወርደዋል። በብርድ የቃኘኋቸው ክሮች በሰዉ ሙቀት ላልተው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዝም ብል ሄኖክ በእኔ ስህተት ሥራውን ያጣል፤ ብናገር የእኔ ሙከራ እዚያው ያበቃል። ጋሽ ሙሉጌታን ለብቻቸው ጠርቼ ነገርኳቸው።

ሁለቱም እኩል መውረዳቸውን ደግመው ጠየቁኝና ለሄኖክ ሌላ ዕድል ሰጡት። በተቃኘ ጊታር ድንቅ አድርጎ ተጫወተ፤ ከመድረክ ሲወርድም ገና አሁን ጊታር ሰጠሽኝ ብሎ ቀለደብኝ። ሥራው ግን ለደምሴ ሆነ። እኔንም ከሚክሰሩ አላስነሱኝም። ሁለተኛ በብርድ እንዳትቃኚ ብቻ አሉኝ።

ዕቃ ስንሰበስብ ደምሴን ለምን አቁሞ እንዳልቃኘ ጠየቅኩት። እንደ ልማዱ ቆይቶ መለሰልኝ።

«ዘፋኟ ጀምራለች እኮ። እኔ ልቃኝ ብዬ ብቆም እሷ የት ትቆያለች? እየሰማሁ ተከተልኳት።»

አሁን በሥራው አራት ዓመት ሆነኝ። ጊታሪስት ሲፈተን ፍጥነቱን እወድለታለሁ። ዋናው የማየው ግን፣ ነገር ሲበላሽ የራሱን ድምፅ ያስጨምር እንደሆነ ወይም ሌሎቹን ይሰማ እንደሆነ ነው። ታላቁ ሌሎቹን የሚሰማው ነው። ጊታርም የሚቃኘው ሰዉ ከገባ በኋላ ነው።