ተበላ አጠገብ የቆመችው ኡራል

ሶዶ፣ ጠዋት

በጥቅምት ማለዳ ከሶዶ መናኸሪያ የተነሳሁት የአንዲት መኪና በር ፎቶ ላነሳ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ለምን እንደምሄድ ጠይቆኝ ይህንኑ ብነግረው ሳቀብኝ። ይሳቅ፣ ምን ያውቃል።

ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ በደርግ ጊዜ ኡራል የሚባል የጦር ካሚዮን ሹፌር ነበር። ወደ ሰሜን እንደዘመተ ቀረ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ እስከዚያ ቀን እርሟን አላወጣችም ነበር። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ቤታችን ሲቀባ የእሱ ክፍል አይነካም ነበር። ተማሪ ሳለ ግድግዳው ላይ በከሰል የሠራው ሒሳብ እንዳለ ነበር። "ሲመጣ ምን እለዋለሁ?" ትል ነበር።

ነሐሴ ላይ አብሮት የዘመተ ሰው ቤታችን መጣ። ሁምቦ ውስጥ፣ ተበላ ከተማ አጠገብ አሮጌ የጦር መኪና የሚሰበስብ ሽማግሌ አለ፤ እዚያ የተስፋዬን ኡራል አየሁ አለን። በበሯ ውስጠኛ በኩል በምስማር "ዘነበች" ተብሎ ተጽፏል። ዘነበች እናቴ ናት። መኪናዋ የተገኘችው ያለ ሹፌር፣ መንገድ ዳር ቆማ መሆኑንም ነገረን። እናቴ፣ "ጽሑፉን በፎቶ አምጣልኝ፣ ቁርጤን ልወቅ። የእሱ እጅ ከሆነ ድንኳን ይተከል" አለችኝ። ወዲያው ታማ ስለተኛች ጉዞው እስከ ጥቅምት ዘገየ።

ረዳቱ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው" እያለ አራት ሰው ጨመረብን። ዳሞታ ተራራ ጉም እንደለበሰ ከኋላችን ቀረ። ወደ ሁምቦ ቆላ ስንወርድ ወበቁ ስለበረታ ጃኬቴን አወለቅሁ። ግራና ቀኙ የደረቀ የበቆሎ አገዳ ነው።

ተበላ፣ ረፋድ

ከተበላ በሞተር አቧራ እየቃምኩ ሄድኩ። የመኪኖቹ ባለቤት አቶ ዳና በር ላይ ጠበቁኝ። የጦሩ መካኒክ ነበሩ። ብረታቸው ሊቀልጥ ሲል ከሐራጅ የገዟቸውን መኪኖች ማንጎ ጥላ ሥር ደርድረዋቸዋል፦ ሁለት ዚል ካሚዮን፣ አንድ ጂፕ፣ ሞተር የሌለው ብረት ለበስ፣ መጨረሻ ላይ ኡራሏ። ሁሉም አዲስ ቅቤ እንደተቀባ ጸጉር ያብረቀርቃሉ።

"ለጊፋታ ቀባኋቸው" አሉ በኩራት። "አሮጌ ነገር ወደ አዲስ ዓመት አይገባም። ቤቱም ይቀባል፣ መኪናዋም ትቀባለች።"

የኡራሏን በር ከፈትኩ። ውስጡ ለስላሳ አረንጓዴ ነው። በመዳፌ ዳበስኩት፣ ምንም የለም።

"ጽሑፍ ነበረበት፣ አባቴ" አልኳቸው።

"ጭረት ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። ሁሉም ሹፌር ይጭራል። ምን ነበር?"

ነገርኳቸው። አንጀቴ አሮ ስለነበር ድምፄም ክፉ ሆነ። አቶ ዳና የመኪናዋ መርገጫ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ እኮ እነዚያ ይነዷቸው የነበሩ ልጆች መጥተው ቢያዩአቸው ብዬ ነው የማሳምራቸው" አሉ። የሚመጣ እንደሌለ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የቦይና፣ የጎደሬ ቅቅል ከዳጣ በርበሬ ጋር ቀረበልን። ልሰናበት ስል ተከትለውኝ መጥተው ምስማር አስጨበጡኝ።

"አንተ ጻፈው። ወንድሙ አይደለህ? እናት ታርፋለች።"

እውነቱን ልናገር፣ ምስማሩን በሩ ላይ አሳርፌው ነበር። ግን ያቺ ሴት የልጇን የእጅ ጽሑፍ አርባ ዓመት ግድግዳ ላይ ስታነብ ኖራለች። እሷን ማታለል አይሆንልኝም። ምስማሩን መለስኩላቸው፣ ባዶውንም በር ፎቶ አነሳሁ።

ቤት፣ አመሻሽ

እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ስልኩን ተቀበለችኝ። አረንጓዴውን በር አየችው፣ ደግማም አየችው።

"የታለ?"

"ቀብተውታል፣ እማዬ። ለጊፋታ።"

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም።

"ባለቤቱ ጦር ሜዳ ነበር?"

"መካኒክ ነበሩ።"

"እንግዲያ ያውቃል" አለች። "ሹፌሩ ይመጣል ብሎ ቢያምን ኖሮ የጻፈውን አያጠፋበትም ነበር።"

ምስማሩን በመመለሴ ያተረፍኩት ይህ ነው። ቁርጧን የሰጣት ጽሑፉ ሳይሆን መጥፋቱ ሆነ።

በማግስቱ ኖራ አስገዛችኝ። ድንኳኑ የሚተከለው ክፍሉ ከተቀባ በኋላ ነው አለች። ላግዛት ብሩሹን ልቀበላት ስል እጄን ገፋችው። በግራ እጇ በሩን ተደግፋ፣ መጀመሪያ የከሰሉን ሒሳብ ቀባችው።