የመምህር ኮምፒውተር ዝም ሲል

የምሠራበት ቢሮ ሶዶ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሥራችን ዐይነ ስውር ተማሪዎች የክፍል መጽሐፋቸውን በጆሯቸው እንዲያጠኑ በድምፅ ማዘጋጀት ነው። አንዲት አንባቢ አለችን፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገች፣ ወላይትኛውንም አማርኛውንም አንደበቷ የማይስተው። እሷ በአንዱ ክፍል ትቀዳለች። በሌላው ክፍል መምህር ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ስህተት ሲያገኙ ምልክት ያደርጋሉ፤ አንዳንዱንም ራሳቸው ያርማሉ። እኔ ኮምፒውተሮቹንና ፕሮግራሞቹን እጠብቃለሁ።

መምህር ሃላሌ በምትባል ከተማ ብዙ ዘመን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዐይናቸው ቀስ በቀስ ነው የጠፋው። ኮምፒውተር የሚሠሩት በስክሪኑ ላይ ያለውን እየጮኸ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ነው። ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ሲሮጥ የኔ አያህለውም።

ችግሩ ቨርዥን ኮንትሮላችን ነበር። ይህ ፕሮግራም የተደረገውን ለውጥ ሁሉ፣ ማን እንዳደረገው ጭምር፣ ያስቀምጥልናል፤ ዛሬ የተበላሸውን ወደ ትናንቱ ለመመለስ የሚያስችለን እሱ ነው። ከኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ለድምፅ ፋይል እንዲመች አድርጎ ራሱ ጽፎት ሄደ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይሠራ ነበር አሉ። መጻሕፍቱ እየበዙ፣ የተከማቸው ታሪክ እየከበደ ሲመጣ ግን መንፏቀቅ ጀመረ። አንዲት ቃል ያረመ ሰው እርማቱን ለማስመዝገብ ቁልፉን ተጭኖ፣ ወጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ገና ነው።

ለኛ ለምናየው አሰልቺ ነበር እንጂ የከፋ አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ የምትዞረውን ክብ እያየን እንጠብቃለን። ለመምህር ግን ሌላ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ሚሞሪውን ጠቅልሎ ሲይዘው የሚያነብላቸውም ድምፅ አብሮ ይታፈናል። ጣታቸውን አንስተው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ።

«እህቴ፣ ይህ ነገር አለ ወይስ የለም?»

«አለ መምህር፣ እየሠራ ነው።»

«አንቺማ ታዪዋለሽ። እኔ በምን ልወቀው?»

አንድ ቀን እኔ ባንክ ቤት ሄጄ ሳለ ኮምፒውተሩ ዝም አላቸው። ጠበቁ፤ ጠሩ፤ አንባቢዋም በሩን ዘግታ እየቀዳች ስለነበር አልሰማቻቸውም። በመጨረሻ ሞቷል ብለው ማጥፊያውን ተጭነው ያዙት። ከጠዋት ጀምሮ ያረሙት ሁሉ ሄደ። ስመለስ ኮታቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ከዚህ በኋላ ለዚህ ማሽን ጊዜዬን አልሰጥም» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን እስኪመሽ አልጠበቀም፤ ወዲያው አስጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሲጨነቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያስተካክላል። ስቴፕለሩን ከካልኩሌተሩ ጎን፣ ካልኩሌተሩን ከቁልፉ ጎን እየደረደረ፣ «ትምህርት ሊከፈት ነው። ከገሱባም ከሻንቶም መምህራኑ ይደውሉልኛል። ምን ልበላቸው?» አለ።

«ፕሮግራሙን ማፍጠን ይቻላል።»

«ይቅር! እንተወው። በፎልደር እየገለበጥን እናስቀምጥ፤ ድሮ እንደዚያ አልነበረም እንዴ?»

ድሮ የነበረውን አይቼዋለሁ። አንዱ ፎልደር «የመጨረሻ» ይላል፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የታረመ»፣ ቀጥሎ «እውነተኛው የመጨረሻ»። የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ጥቂት ቀን እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ሰጠኝ፤ ግን «ያለውን እንዳታጠፊብኝ» አለኝ። ያቺ ቃል ከዚያ በኋላ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጊዜው የት እንደሚባክን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ፕሮግራሙ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተለወጠች አልተለወጠችም የሚለውን ለማወቅ፣ ታሪኩ ሁሉ የታጨቀበትን ትልቅ ፋይል በየጊዜው ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ወደ ሚሞሪ ይገለብጣል። የኛ ኮምፒውተሮች አሮጌ ናቸው፤ ሚሞሪያቸው ይህን አይችልም። ስለዚህ አንዱን እጅ ለማስገባት ሌላውን እያወጡ ሲታገሉ ይውላሉ። የሚፈለገው ግን ከዚያ ሁሉ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው።

መፍትሔው በሙያችን የታወቀ ነው፤ ፋይሉን ሚሞሪ ላይ ማፕ ማድረግ ይባላል። ፋይሉን አትገለብጠውም። ዲስኩ ላይ ባለበት ሆኖ የሚሞሪህ ክፍል እንደሆነ አድርገህ ታየዋለህ፤ የነካኸውን ገጽ ብቻ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያመጣልሃል፤ ያልነካኸው እዚያው ይተኛል። ለመምህር እንዲህ ብዬ ሳስረዳቸው፣ «እንግዲህ መጽሐፉን ሁሉ ከመቅዳት የፈለግሽውን ገጽ ከፍቶ ማየት ነው» አሉ። እንደዚያው ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላው ወገኑ ነበር። በድሮው መንገድ ፋይል ማንበብ ካልተሳካ ፕሮግራሙ በወጉ «አልቻልኩም» ይላል፤ አንተም ትመልስለታለህ። ማፕ የተደረገ ፋይል ግን እያየኸው ሳለ ሌላ ሰው ቢያሳጥረው፣ ያ የምታየው ገጽ ከሥርህ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙም ምንም ሳይናገር ባለበት ይሞታል። ይህን አውቄ ነው የገባሁበት። በቅጂ ላይ ሞከርኩት። አቋረጥኩት፤ ሶኬት ነቀልኩበት፤ ደግሜ ሞከርኩት። ለሥራ አስኪያጁም ነገርኩት። ፕሮግራሙ የድምፅ ፋይሎቹንም ማፕ አድርጎ ከታሪኩ ጋር የሚያመሳክርበት ምርመራ ሲሄድ ማንም ድምፅ እንዳይቆርጥ ተስማማን።

ያም ሆኖ ልቤ አላረፈም። የሁሉ ነገር ቅጂ ያለበትን ሃርድ ዲስክ በሻርፕ ጠቅልዬ በቦርሳዬ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ባጃጅ ውስጥ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ቦርሳውን ደረቴ ላይ አጣብቃለሁ። ምሳ ስንበላ ጭኔ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ አይታኝ፣ «ምንድን ነው የያዝሽው? አራስ ልጅ አስመሰልሽው እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አዲሱን ፕሮግራም በመምህር ኮምፒውተር ላይ ጭኜ አንዴ እንዲሞክሩት የለመንኳቸው ቀን ግን እሳቸውም ሳይወዱ ተገረሙ። አንዲት እርማት አደረጉ፤ ቁልፉን ተጫኑ፤ ድምፁ ወዲያው «ተመዝግቧል» አላቸው።

«ዋሸ» አሉ።

«አልዋሸም።»

ደግመው ሞከሩት። ሦስተኛም ሞከሩት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

የፈራሁት የደረሰው መጻሕፍቱን ለትምህርት ቤቶቹ የምናስረክብበት ቀን ሲቃረብ ነው። መጻሕፍቱን ሁሉ አንድ ላይ መርምረን ለመዝጋት ቀጠሮ ይዘን ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፤ የዳሞታ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም። መምህር ምርመራውን አስጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ፤ ኮምፒውተሮቹ በባትሪ ቆዩ፤ ዘበኛው ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ድረስ ሁሉም ሰው ከየክፍሉ ወጣ፣ ገባ። በዚህ ግርግር አንባቢዋ ምርመራው ያበቃ መሰላት። አንድ ምዕራፍ ላይ ሳሏ ገብቶባት ስትናደድ ነበርና፣ ሳሉን ቆርጣ አወጣችውና ፋይሉን በነበረበት ላይ አስቀመጠች። ፋይሉ አጠረ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። የመምህር ድምፅ ጠራኝ።

«እህቴ። ዝም አለ።»

ገባሁ። ስክሪኑ ላይ የፕሮግራሙ መስኮት የለም። አንባቢዋም ተከትላኝ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ኮምፒውተር ሞተች እንዴ?» አለች።

«ኮምፒውተሩ ደኅና ነው። ፕሮግራሙ ነው የወደቀው። አሁን ምን አስቀመጥሽ?»

«ሳሌን አወጣሁ። ሳል ብቻ ነው! ሌላ አልነካሁም።» ዐይኗ እንባ ሞላ። «አበላሸሁ?»

አላውቅም ነበር፤ ጭንቁም እሱ ነው። ፕሮግራሙ ለምን እንደሞተ ገብቶኛል። ሲሞት ግን በእጁ ምን ይዞ ነበር? ታሪኩን ማፕ ያደረግኩት ለማንበብ ብቻ እንጂ ለመጻፍ አይደለም፤ ሊበላሽ አይገባም። «አይገባም» ማለት ግን «አልተበላሸም» ማለት አይደለም። ሥራ አስኪያጁ መጣ። የመምህርን ጠረጴዛ ማስተካከል ጀመረ።

ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የተቀመጠውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቦ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሲቀመጥ ከተሰጠው መለያ ጋር ማመሳከር። ይህን ማፍጠን አይቻልም፤ ሁሉንም ማንበብ ግድ ነው። አስጀመርኩት። ጄኔሬተሩ እንዳይቆም እየጸለይን ተቀመጥን። አንባቢዋ ከጎረቤት ሻይ ቤት ትኩስ የተቀቀለ ጎዶሬ በሚያቃጥል የዳጣ ማባያ አስመጣች፤ ከመምህር በቀር የበላ የለም።

ዝምታው ሲረዝም መምህር ወደኔ ዞሩ።

«ዝምታ ለምን እንደማልወድ ልንገርሽ? ሃላሌ ሳለሁ፣ ዐይኔ ጨርሶ ሊሄድ ሲል፣ ለማንም አልተናገርኩም። የተማሪዎቹን ጥላ ብቻ ነበር የማየው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ፤ ዛሬ እንዴት ያዳምጡኛል ብዬ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ተመስጬ አስተማርኩ። ደወል ሊደወል ሲል ጥያቄ ጠየቅኩ። መልስ የለም። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ ‹መምህር፣ ማንን ነው የሚያስተምሩት?› አለኝ። ተማሪዎቹ ከተማ ውስጥ የስፖርት ውድድር ሊያዩ አንድ በአንድ ወጥተው ሄደው ኖሯል።»

አንባቢዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«እነሱን አልተቀየምኩም፤ ልጆች ናቸው። ግን ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ነገር ሁሉ፣ ይሰማኛል ወይስ ጥሎኝ ሄዷል እያልኩ ነው የምኖረው። ሚስቴን እንኳ ሻይ ስታፈላ እንድታንጎራጉር እለምናታለሁ።»

ምርመራው እየሄደ ነበርና፣ አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ስሙን ጮክ ብዬ እነግራቸው ጀመር። «የሦስተኛ ክፍል አማርኛ፣ ደኅና ነው። የአራተኛ ክፍል ሳይንስ፣ ደኅና ነው።» እሳቸው በየመሃሉ «እሺ» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁም ዕቃ ማስተካከሉን ትቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። የወላይትኛው መጽሐፍ ላይ ስንደርስ ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም፤ ሳሉ የተቆረጠባት ምዕራፍ ያለችው እዚያ ውስጥ ነው። የአንባቢዋ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔም የማደርገው አጥቼ የቦርሳዬን ዚፕ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

«ደኅና ነው» አልኩ በመጨረሻ።

አንባቢዋ ጮክ ብላ በወላይትኛ ጸለየች። መምህር «ተመስገን» አሉና ቀጥለው፣ «ሳሉስ? ወጣ ወይስ አልወጣም?» አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ከለቅሶ ብዙም አይርቅም ነበር። ሳሉ ወጥቷል።

በማግስቱ ፕሮግራሙን አስተካከልኩት። ማንም የማይነካውን፣ የተዘጋውን ታሪክ ብቻ ማፕ እንዲያደርግ ተውኩት፤ ሰዎች በየደቂቃው የሚቆራርጧቸውን የሥራ ፋይሎች ግን በድሮው መንገድ እንዲያነብ መለስኩት። የአንባቢዋም ፕሮግራም ፋይልን በነበረበት ላይ መጻፉን ትቶ አዲሱን በጎን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሙን እንዲቀይር አደረግኩ። ትንሽ ፍጥነት ቀነሰ፤ አላሳዘነኝም። አንድ ነገርም ጨመርኩ፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ቀስ ያለች ጠቅታ ያሰማል፤ ከወደቀም ሌላ ድምፅ ይሰጣል። መምህር ጠቅታዋን አዳምጠው፣ «ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ይመስላል» አሉ፤ ትንሽ ዝቅ እንዲልላቸው ጠየቁኝ። ዝቅ አደረግኩት።

ርክክቡ በቀኑ ተፈጸመ። የገሱባውን ድርሻ እኔ ራሴ ይዤ ሄድኩ፤ ሚኒባሱ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል ሚሞሪ ካርዶቹን በመዳፌ ጨብጬ ነበር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ጥቂት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ይጠብቁኛል። አንዷ ልጅ ካርዱን የከተትኩበትን ማጫወቻ ተቀበለችኝ፤ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ ግንባሯን ቋጥራ አዳመጠች። የተበላሸ ይሆን? የተሳሳተ ምዕራፍ ይሆን?

«ምነው?» አልኳት።

«ሴትዮዋ በጣም ቀስ ትላለች» አለች። «የምታፈጥነው በየትኛው ነው?»

ጣቷን ቁልፉ ላይ አደረግኩላት። ድምፁን እኔ አንድ ቃል መያዝ እስኪያቅተኝ ድረስ አፈጠነችውና ፈገግ አለች፤ ጓደኛዋንም ጎትታ ማጫወቻውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችላት። መምህራቸው ምሳ ጋበዘኝ። ወደ ሶዶ የሚመለሰው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ስለነበር ግን ቶሎ ተሰናበትኳቸው፤ መንገዱ ከመጨቅየቱ በፊት መድረስ ነበረብኝ።