መርከብ ላይ የተቀመጥነው ለቅሶ

ክሩዙን ቡክ ያደረግኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ስለዚህ የምበግነውም በራሴ ነው። ግን እስቲ ልናገረው፣ አምቄ ይዤው ስንት ጊዜዬ ነው።

እህቴን ከቤቷ ላወጣት ነበር የፈለግኩት። ታላቄ ናት፣ እታለም ነው የምላት። ባሏ የኦክላንድ ወደብ ላይ ኮንቴነር የሚያመላልስ የትራክ ሾፌር ነበር። ኮቪድ በገባ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ትንሽ ያስለኛል» ብሎ ሆስፒታል ገባ፣ በዚያው ቀረ። ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ተራርቆ ቆሞ። ለቅሶው በቪዲዮ ሆነ። እታለም ላፕቶፕ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ፣ እኛ በየቤታችን። ቄሱ ሲጸልዩ የአንዱ ልጅ ያለቅሳል፣ ሌላዋ ማይኳን ማጥፋት ረስታ ሳህን ታጥባለች። ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም እጁን አወዛውዞ ዘጋ።

እኔ ሳን ሆዜ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ያኔ በየሺፍቱ ሰው ይሞትብን ስለነበር በሽታውን ይዤባት እንዳልሄድ ፈርቼ ለወራት በሯን አልረገጥኩም። መደወል ግን አንድ ቀን አላቋረጥኩም። «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ነገም «ደህና ነኝ»፣ ከነገ ወዲያም «ደህና ነኝ»። ክትባት ወጥቶ መገናኘት ስንጀምር ያገኘኋት ሴት ግን ደህና አይደለችም። አልጋዋ ላይ አትተኛም፣ ቲቪ ከፍታ ሶፋ ላይ ነው የምታድረው። ምግብ የምትበላው የወጥ ቤቱ ቧንቧ አጠገብ ቆማ ነው። «ቁጭ ብለሽ ብይ እንጂ» ስላት «እሺ» ትልና እዚያው እንደ ቆመች ትጨርሳለች። ስታለቅስ ደግሞ አይቻት አላውቅም። እንዲህ እየሆነች እሷንም ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

ታዲያ ይህቺን ሰው ምን ያድናታል? ጫጫታ ነው ያልኩት እኔ። ሰው፣ ሙዚቃ፣ ጭፈራ፣ ሌላ አገር። ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስቶ ሜክሲኮ ደርሶ የሚመለስ መርከብ አገኘሁ። «እዚያ ስለ እሱ ወሬ የለም፣ ተስማማን?» አልኳት። «እሺ» አለች። እሺ ማለት መቼ አቅቷት ያውቃል።

ተሰልፈን ቴስት ተደረግን፣ የክትባት ካርዳችንን አሳየን፣ ማስካችንን አጥብቀን ገባን። የሰፈር ያህል መርከብ ነው። ግን ሰው የለም። ለካ መርከቦቹ ገና ሥራ መጀመራቸው ስለሆነ ለጥንቃቄ ብለው ከግማሽ በታች ነው የጫኑት። የተቀበለችን ልጅ «እድለኞች ናችሁ፣ መርከቡ የእናንተ ነው» አለችን። የኔ እንዲሆን ማን ጠየቀ? እኔ የፈለግኩት የሚጋፋኝ ሰው ነው። የመዋኛው ገንዳ ውሃ ብቻውን ይንቦጫረቃል። የሙዚቃ ባንዱ ለተደረደረ ባዶ ወንበር ይዘፍናል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ታጨበጭባለች። ኮሪደሩ ዳር የለውም፣ ክፍሎቹ በሙሉ ተዘግተዋል።

እራት ላይ ባሰ። አዳራሹ በሙሉ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ብርጭቆ ተደርድሮለት፣ የሚቀመጥበት የለም። እኛን ለሁለታችን የስምንት ሰው ጠረጴዛ ሰጡን፣ አስተናጋጆቹም ሥራ ስላጡ ከብበውን ቆሙ። እታለም አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር ታያለች። ምግብ መጣ፣ ወንበሩን ታያለች። ምግቡ ተነሳ፣ ወንበሩን ታያለች። አልቻልኩም፣ አስተናጋጁን ጠርቼ ትርፍ ወንበሮቹን ሁሉ አንሳልኝ አልኩት። ልጁ ትሁት ነው፣ አንድ በአንድ አነሳቸው። ያን ሰፊ ጠረጴዛ ሁለት ሆነን ጥግና ጥግ ስንቀርበት ከፊተኛውም የከፋ ሆነ። በማግስቱ እታለም ቁርሷን ወደ ክፍላችን ባልኮኒ ወሰደችና ባሕሩን እያየች ቆማ በላች። አንጀቴ አረረ። መቆሙንማ ኦክላንድም ትቆማለች።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሊፍት ውስጥ ገባን። በሩ ላይ «የአንድ ቤት ሰው ብቻ ይግባ» የሚል ተለጥፏል። ሊዘጋ ሲል አንድ እጅ ገብቶ ከፈተውና ከረባት ያሰሩ ሽማግሌና ነጠላ ጫማ ያደረጉ ባለቤታቸው ዘው አሉ። እኔ ማስታወቂያውን በእጄ አመለከትኩ።

«ሐበሻ አይደላችሁም እንዴ? ታዲያ የአንድ ቤት ሰው ነን» አሉ ሴትዮዋ።

ኤርትራውያን ናቸው፣ ዩኒየን ሲቲ የሚኖሩ። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። ልጆቻቸው ናቸው በግድ ለእረፍት የላኳቸው። ሴትዮዋን እንደ ልጆቻቸው በትግርኛ «አደይ»፣ እናቴ፣ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ በመጨረሻ ሰው ተገኘ። ምሳ አብረን እንብላ ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኳቸው።

ገና ሾርባው ሳይመጣ አደይ ወደ እታለም ዞረው «ባለቤትሽስ? ሥራ ይዞት ቀረ?» አሏት። እንዳትመልስ ብዬ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኩ። የረገጥኩት የሽማግሌውን ነበር።

«ሞቷል» አለች እታለም። «ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። በኮቪድ ነው።»

ሽማግሌው የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ። «እኔን» አሉ አደይ። «ማን ደረሰሽ ታዲያ?»

«ያኔ ማን ይመጣል፣ አደይ? በቪዲዮ ነበር።»

«ዛሬ የአስማተኛ ሾው አለ አሉ» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ምግቡን በወጉ አልበላም። ገደል ይግባ አልኩ ለራሴ፣ አስማተኛው ማታ ይክሰናል።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ለመዋኘት ተዘጋጅቼ ስለነበር በዋና ልብስ ላይ ፎጣ ታጥቄ ነው የከፈትኩት። አደይ ጥቁር ሻርፕ ተከናንበዋል። ሽማግሌው ኮታቸውን ደርበዋል። ከኋላቸው ያ ትሁቱ አስተናጋጅ ሁለት ወንበር ተሸክሞ ቆሟል። አደይ በእጃቸው ሳህን ይዘዋል፤ ከቡፌው ያነሱት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በናፕኪን ተሸፍኖ። ለቅሶ ሊደርሱ ነው የመጡት። «እግዜር ያጥናሽ» ብለው እታለምን አቅፈው ሳሟትና ተቀመጡ። ከዚያ ወለሉን እያዩ ዝም አሉ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው ዝም።

ደሜ ፈላ። አደይን «አንዴ» ብዬ ኮሪደር ላይ አወጣኋቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ያመጣኋት እኮ እንድትረሳው ነው። ስንት ለፍቼ ነው ያወጣኋት። እርስዎ መልሰው አስገቧት።»

አልተቆጡኝም። ሻርፓቸውን አስተካከሉና «መች አልቅሳ ነው የምትረሳው፣ ልጄ?» ብለው ጥለውኝ ገቡ። ይሄ ደግሞ የባሰ አበሸቀኝ።

ስገባ ሽማግሌው ቀስ ብለው «እንዴት ነው የሞተው?» እያሏት ነው። ሹራብ ደርቤ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። እታለም መናገር ጀመረች። ሆስፒታሉ በር ላይ ነው ያወረደችው፣ እሷን አላስገቧትም። ጃኬቱን መኪና ውስጥ ረስቶት ኖሮ ይዛለት ስትሮጥ በሩ ተዘግቷል። ከዚያ ወዲያ ያየችው በነርሷ ስልክ ብቻ ነው። በመጨረሻው ቀን «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እናውራ» አላት። እሷም «እሺ፣ ተኛ» ብላ ዘጋችው። «እሺ፣ ተኛ አልኩት» አለች ለሽማግሌው። «ተኛ አልኩት እኮ።» ከዚያ ጮኸች።

እንደዚያ ስትጮህ በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ስሙን እየጠራች፣ ደረቷን እየደቃች። ሰው ሰማ፣ ሰው መጣ ብዬ የባልኮኒውን በር ልዘጋ ስሮጥ አደይ እጄን ያዙኝ። «ተዪው። ማን አለ ብለሽ ነው?» እውነትም ማን አለ። ግራው ክፍል ባዶ፣ ቀኙ ባዶ፣ ኮሪደሩ እስከ ዳር ባዶ። ኦክላንድ ቢሆን ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራ ነበር። እታለም እስኪበቃት አለቀሰች፣ አደይም አብረው አለቀሱ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍላችን ለቅሶ ቤት ሆነ። ከሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። ሽማግሌው «ለቅሶ ቤት ያለ ካርታ አይሆንም» ብለው ከኮታቸው ኪስ ካርታ አወጡና በኮንከር ጨዋታ እየደጋገሙ አሸነፉኝ። ሜክሲኮን በመስኮት አየናት። አስማተኛው ለባዶ ወንበር ሠራ። እታለም ስለ ባሏ ታወራለች፤ ሲስቅ፣ ሲናደድ፣ ትራኩ ውስጥ ሲያንጎራጉር። አሁን ሰው ለቅሶ ለመቀመጥ ክሩዝ ይወጣል? ለማን ልናገረው? እና ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በየቀኑ የደወልኩት እኔ፤ ለኔ «ደህና ነኝ»፤ ትናንት ሊፍት ውስጥ ላገኘቻቸው ሰዎች ሆዷን ዘረገፈችው።

በመጨረሻው ምሽት እነ አደይ ሻንጣቸውን ሊያሰናዱ ሄዱ። እታለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትበላለች። አልቻልኩም።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት። «እኔ እህትሽ አይደለሁም?»

አላምጣ ዋጠች። «አልጠየቅሽኝማ።»

«በየቀኑ አልደወልኩም?»

«ደውለሻል። አይዞሽ ብለሻል። ጠንከር በይ ብለሻል። በላሽ ወይ ብለሻል። እንዴት ሞተ ብለሽ ግን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

አፌን ከፈትኩ። መጦሪያው ውስጥ ስንት ሰው በእጄ እንደገነዝኩ ልነግራት ነበር። ሞት ጠግቤ እንደነበር፣ የሱ ሲጨመርበት የማኖርበት ቦታ እንዳጣሁ ልነግራት ነበር። ግን ሳትቆጣ ነው የምታየኝ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አሁንማ ሰማሁት እኮ» አልኳት። «እዚያ በር ላይ ቆሜ።»

«ለነሱ ነው የነገርኩት» አለች።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እንዴት ሞተ?» አልኳት።

ሳህኑን አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።