አረንጓዴ የጠፋበት የፍሪጅ ሐኪም

ሰፈሩ «የፍሪጅ ሐኪም» ይለዋል። ጆሮውን ኮምፕረሰሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጥና «አይዞሽ፣ ብርድ ነው የመታው» ይላታል የፍሪጁን ባለቤት፤ ትስቃለች።

ጋዝ የሚያፈስበትን ቦታ የሚፈልገው በአንዲት ትንሽ ፋኖስ ነበር። ከፋኖሷ የወጣውን፣ አየር እየሳበ ወደ እሳቷ የሚወስደውን የጎማ ቱቦ በፍሪጁ ቧንቧ ላይ እያስኬደ እሳቷን ያያል። ቱቦው የሚያፈሰው ቦታ ሲደርስ ሰማያዊዋ እሳት አረንጓዴ ትሆናለች።

ልብስ ሰፊ ሚስቱ መጀመሪያ ያየች ቀን «ምን ነክቷት ነው?» አለችው።

«ውስጧ የጋለ መዳብ አለ። የሸሸው ጋዝ ከመዳቡ ቆንጥሮ ወደ እሳቱ ይዞት ይገባል። በየብረቱ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ። ሲሞቃቸው ሽቅብ ይዘላሉ፤ ግን እዚያ አይቆዩም። ሲወርዱ የበሉትን ጉልበት ብርሃን አድርገው ይተፉታል። የሚወርዱበት ደረጃ ከብረት ብረት ስለሚለያይ ቀለሙም ይለያያል። የመዳብ አረንጓዴ ነው። ጨው ያለበት ውሃ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ሲፈስ እሳቱ ቢጫ የሚሆነው ደግሞ ጨው ውስጥ ባለው ብረት ነው፤ ሶዲየም ይባላል።»

«ጨው ውስጥ ብረት? አንተ ደግሞ!»

ከዓመታት በኋላ ሳንባው ታመመ። መድኃኒቱን ሳያጓድል ዋጠ። ሳሉ ተወው፣ ሰውነቱ ተመለሰ፣ ቤቱ ሁሉ እፎይ አለ።

መድኃኒቱን ገና ሳይጨርስ አንድ ቀን ሥጋ ቤት ተጠራ። ቱቦውን ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ አስኬደና «አያፈስም» አለ።

«ጋሼ፣ እሳቱ እኮ አረንጓዴ ሆኗል!» አለው ሥጋ ሻጩ።

እሳቱን አተኩሮ አየው። ለእሱ አመድማ ነበር።

የሆስፒታሉ ዶክተር «ከመድኃኒቶቹ አንዱ አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል» አለውና ቀየረለት። «ቀለም መለየቱ ሊመለስልህ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል።»

አልተመለሰም።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ሸፍና ዓይን ልትሆነው አብራው መዞር ጀመረች። እሱ ቱቦውን ያስኬዳል፤ እሷ «ሰማያዊ ነው… ገና ነው… አሁን! አረንጓዴ!» ትላለች። ሥራው ቀጠለ። ሰው ግን አፉ አያርፍም፤ «ሐኪሙ ነርስ ቀጠረ» ተባለ። መጀመሪያ አብሮ ሳቀ፤ በኋላ ሳቁን ተወ። እሷንም «እርግጠኛ ነሽ?» እያለ መጨቅጨቅ አመጣ። በመጨረሻ ሰው ቤት መሀል ቱቦውን አስጨበጣት።

«አንቺ ካየሽማ እኔ ምን እሠራለሁ?»

ከዚያ ወዲህ ከጥገና ሱቃቸው ጀርባ ያለው ጓዳ ዋለ። እሷ እሱ ያስተማራትን ይዛ ሱቁን አልዘጋችም።

አንድ ጧት የድሮ ደንበኛ መጣ። «ሐኪሙስ?»

«አርፏል» አለችው፣ ዛሬ አልወጣም ለማለት።

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «ወይኔ! መቼ? ምነው ሳልሰማ! እግዜር ያጥናሽ!»

«ኧረ በሕይወት አለ! ጓዳ ተቀምጧል!» ስትለው ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሰውየው ሲሄድ ባሏንም ልታስቀው ገባች። ሰምቶ ነበር።

«አልተሳሳተም እኮ» አላት፣ ከግድግዳው ዓይኑን ሳይነቅል።

ከደጅ ሌላ ደንበኛ እስኪጠራት ድረስ አጠገቡ ተቀመጠች።